ቆራጭ አይመርጥም

ለፋሲካ እኛ ሰፈር ቅርጫ ይገባል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅርጫ የማይገባ ሰፈር ካለ ይንገሩኝ። አሥራ ሁለት ሆነን አንድ በሬ እንገዛለን። ሥጋውን የሚመድቡልን አንድ አዛውንት ናቸው፤ «አያ» ነው የምንላቸው። ሰባን ሳይዘሉ አይቀሩም። ቢላዋ ከያዙ ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ናቸው። ሻኛውን አሥራ ሁለት ቦታ፣ ጉበቱን አሥራ ሁለት ቦታ፣ ዳቢቱን፣ ጎድኑን፣ ጨጓራውን ሳይቀር አሥራ ሁለት ቦታ። ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ ዓይናቸው ነው። ከአንዱ መደብ ቁራጭ ያነሱና ሌላው ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ አልጥም ሲላቸው ተመልሰው ደግሞ ይቀንሳሉ።

ከዚያ ዕጣ። እያንዳንዳችን የሆነ ነገር እናዋጣለን። እኔ የቤቴን ቁልፍ፣ ጎረቤቴ የአንድ ብር ሳንቲም፣ ሌላው የክብሪት እንጨት፣ ሌላው የባሕር ዛፍ ቅጠል። የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ከመንገድ ይጠራና አንድ አንዱን በየመደቡ ላይ ይጥላል። አያም የራሳቸውን ዕጣ እንደማንኛችንም ያዋጣሉ። እኚህን ሰው ሠላሳ ዓመት አውቃቸዋለሁ። የሰፈሩን ባልና ሚስት ሁሉ ያስታረቁት እሳቸው ናቸው፤ የሰው ሳንቲም አይነኩም። አንድም ቀን ግን «እርስዎ ደክመዋል፣ መጀመሪያ ይምረጡ» ብለናቸው አናውቅም። ብንላቸውም የሚቆጡ ይመስለኛል።

ቆራጭ አይመርጥም። አለቀ።

ታዲያ ይቺ አሥራ ሁለት አባወራ የገባት ነገር ለአገር ምክር ቤቶች ለምን ይከብዳቸዋል? የማወራው የሕግ አውጪዎች ደሞዝና ጥቅማጥቅም በራሳቸው በሕግ አውጪዎቹ ይወሰን ወይ ስለሚባለው ነገር ነው። የኔ መልስ አይወሰን ነው። ለዚህ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልጋቸውም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው ተረት ስለ ሌባ የተተረተ አይደለም፤ ስለ ሁላችንም ነው።

ከራሳችን ቤት ልጀምር። በ2001 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 653 የሚባል አለ። ከኃላፊነት የተነሱ መሪዎች፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናት፣ የምክር ቤት አባላትና ዳኞች ምን ምን መብትና ጥቅም እንደሚያገኙ የሚደነግግ ነው። ማን አጸደቀው? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ያን ቀን እጅ ያወጡት ሰዎች፣ ነገ ከወንበራቸው ሲነሱ ተጠቃሚ የሚሆኑት እነሱው ናቸው። አንድ ዳኛ የወንድሙ ክስ ሲመጣበት ከችሎት ይነሳል። እዚህ ግን 547 ወንበር ያለው ምክር ቤት ስለ ራሱ ሲወስን ማን ይነሳ? ሁሉም ውጡ ቢባል በአዳራሹ የሚቀረው ማይክ ብቻ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። ኪስ የሚል የለበትም። ግን ኪስ ኅሊና አጠገብ ነው የሚሰፋው፣ ደረት ላይ።

አሁን «ታዲያ በነጻ ይሥሩ ነው የምትለው?» የሚለኝ አለ። በፍጹም! እንዲያውም ደህና ይከፈላቸው ባይ ነኝ። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር ተመርጦ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ቤት ይከራያል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ወደ መራጩም መመላለስ አለበት። ካልተከፈለው ሀብታም ብቻ ይመረጣል፤ ያው እንግሊዞች እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ድረስ እንደዚያ ነበሩ። በዚያ ዓመት ነው የፓርላማ አባል በዓመት 400 ፓውንድ ይከፈለው ብለው የወሰኑት። ከዚያ በፊት የራሱ ገቢ ወይም የሚደጉመው የሌለው ሠራተኛ ፓርላማ ቢገባ ምን ይበላል? ደግሞ እኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባል ክፉ ተረት አለ። ደሞዝ የነፈግኸው ሹም ሌላ የሚበላበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ጠቤ ከብሩ ብዛት ጋር አይደለም፤ ከቆራጩ ጋር ነው።

እንግሊዞቹም ቢሆን ቆይተው ተዋረዱ። በ2009 እ.ኤ.አ. አባላቱ «ለሥራ ያወጣነው ነው» እያሉ ያቀረቡት ሒሳብ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አንዱ ኩሬው ላይ ላሠራው የዳክዬ ቤት 1,645 ፓውንድ ጠይቆ ተገኘ። የዳክዬ ቤት! ብሩ እንኳ አልተከፈለውም፤ ስሙ ግን ከዳክዬ ጋር ቀረ። ከዚያ ወዲያ ወጪያቸውን፣ ቀጥሎም ደሞዛቸውን የሚወስን ከእነሱ ውጭ የሆነ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ።

ከሁሉ የምታስተምረን ግን ጎረቤታችን ኬንያ ናት፤ እሷ ጋ ትንሽ ልቆይ። ኬንያውያን በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸው የባለሥልጣናትን ደሞዝ የሚወስን ራሱን የቻለ ኮሚሽን አቋቋሙ። በወረቀት ሲታይ ጉዳዩ ተዘግቷል። በ2013 አዲሱ ፓርላማ ሲገባ ኮሚሽኑ የአባላቱን ደሞዝ በወር ከ850 ሺህ ሽልንግ ገደማ ወደ 532 ሺህ ገደማ አወረደው። አባላቱ ምን አደረጉ? ተሰብስበው የኮሚሽኑን ውሳኔ ሻርነው ብለው ድምፅ ሰጡ። ገና ወንበሩ ሳይሞቅ! ሕዝቡም ዝም አላለም። ወጣቶች አሳማዎች እየነዱ መጥተው ፓርላማው ደጃፍ ላይ ደም አፈሰሱባቸው፤ «ሆዳሞች» ለማለት ነው። (እዚህ ማርቆስ ቢሆን መጀመሪያ አሳማው ከየት ይመጣል።) በመጨረሻ ድርድር ሆነ። የወረደውን ደሞዝ ተቀበሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ግን 5 ሚሊዮን ሽልንግ የመኪና መግዣ ተሰጣቸው።

ይቺን መኪና ልብ በሉልኝ። ደሞዙ በር ላይ ሲከለከል አበሉ በመስኮት ገባ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይኼን ሳልነግረውም ያውቀዋል። ደሞዝ የሚባለው ነገር ለብቻው ምንም አይደለም፤ ውሎ አበል አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ቤት አለ፣ ስልክ አለ። ስለዚህ ደሞዙን ብቻ ለሌላ ወሳኝ ሰጥቶ አበሉን ለአባላቱ መተው፣ ሻኛውን ዕጣ አውጥቶ ጭቅናውን ለቆራጩ እንደ መስጠት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያ ራሱ ኮሚሽን ለባለሥልጣናትና ለአባላቱ የፈቀደው ጭማሪ ሊጀመር ነበር። ወጣቱ በግብር ሕጉ የተነሳ አደባባይ ወጥቶ ስለነበር ጭማሪው እንዲቆም ተደረገ። ኮሚሽን መኖሩ ደህና ነው፤ ሕዝቡ ካላየው ግን እሱም ያንቀላፋል።

አሜሪካኖች ሌላ ዘዴ አላቸው። ጄምስ ማዲሰን በ1789 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማሻሻያ ነው፤ የኮንግረስ አባላት ደሞዛቸውን ቢቀይሩ ቀጣዩ ምርጫ ሳይደረግ ለውጡ ሥራ ላይ አይውልም ይላል። የሚወስነው አንዱ፣ የሚቀበለው ሕዝብ በድጋሚ ያየው ሰው። የኛ ዕጣ ማለት ነው እኮ! ግን በቂ ክልል አላጸደቀውምና ተረስቶ ቀረ። በ1982 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ግሪጎሪ ዋትሰን የሚባል ተማሪ «ይኼ ነገር ዛሬም ሊጸድቅ ይችላል» ብሎ የክፍል ሥራ ጻፈ። «ሲ» ሰጡት። ልጁ ተናደደና ለክልል ምክር ቤቶች ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ዓሥር ዓመት ጻፈ። በ1992 ማሻሻያው ጸደቀ፤ ከ202 ዓመት በኋላ። ዩኒቨርሲቲውም በ2017 «ሲ»ውን ወደ «ኤ» ቀየረለት። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው የልጁን ግትርነት ነው፤ የጎጃም ሰው ይመስላል።

ግን እሱን እንዳለ እንቅዳ ካልን አይሠራልንም። «ምርጫ እስኪያልፍ ይቆይ» የሚለው ነገር ትርጉም የሚኖረው፣ ምርጫው ሰው የሚያወርድ ሲሆን ነው። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም ወንበር በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ ነበር የተያዘው። እንደዚያ ባለበት ቤት ጭማሪውን አምስት ዓመት አቆየኸው ማለት ባንክ አስቀመጥክላቸው ማለት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ላይ የሆነውን አባቶቻችን ነግረውናል። የዚያን ጊዜው ፓርላማ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። የጎጃም ገበሬ አልከፍልም ብሎ ተነሳ፤ ጦርም ተላከበት። ብዙ ሰው «ግብር ጠልተው ነው» ይላል። እኔ ግን ከሽማግሌ የሰማሁት ሌላ ነው፤ የፈሩት መለኪያውን ነው። ርስታችን ዛሬ በቃላድ ከተለካ ነገ ይወሰዳል ብለው ነው። ለኪውን አላመኑትም። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ማሩ። ስለዚህ እዚህ አገር «ማን ለካው?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ነው?» ከሚለው ይቀድማል። ፓርላማ ስለ ራሱ ደሞዝ ሲወስን የሚያጣው እሱን ነው። ያን ቀን የሚያገኘው ብር ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በማግሥቱ ስለ ግብር ሲያወጣ ግን የሚሰማው የለም።

ስለ ግብር ካነሳን አይቀር፣ ከደሞዝ ላይ ግብር የማይቆረጥበት 600 ብር ነበር። 2008 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው። 2,000 ብር እስኪሆን 2017 ድረስ ተጠበቀ። ዘጠኝ ዓመት! በዚያ መካከል የዘይት፣ የጤፍ፣ የቤት ኪራይ ዋጋ የት እንደደረሰ ለማርቆስ መምህር አይነገረውም። የመንግሥት ሠራተኛው ትንሹ ደሞዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር የገባውም መስከረም 2018 ላይ ነው። መምህሩ «ለራሴ ልወስን» ቢል ይሳቅበታል። ይጠብቃል። እንግዲህ የምክር ቤቱ አባልም እንደ መምህሩ ይጠብቅ ነው የምለው። የሚቆርጥለት ሌላ ሰው ይሁን፣ ከፓርቲ የራቀ፤ የተቆረጠው ደሞዝም አበልም እስከ ነዳጁ ድረስ በግልጽ ይውጣ፣ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጭማሪው ደግሞ ለሚቀጥለው ምክር ቤት እንጂ ለወሰነው አይሁን። ከፈለጉ ጭማሪውን ከመምህር ጭማሪ ጋር ያያይዙት፤ ያኔ የመምህር ደሞዝ እንዴት እንደሚፈጥን ታያላችሁ።

«ሕዝቡ ይወስን ከተባለ አምስት ሳንቲም አይሰጥም» የሚሉም አሉ። እኔ እንኳ እንደዚያ አስብ ነበር። የእድራችን ነገር ነው ሐሳቤን ያስቀየረኝ።

ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በወር ለእያንዳንዳቸው 200 ብር የትራንስፖርት ብለው ወስነው ቃለ ጉባኤ ላይ አስገቡት። ጸሐፊው እሁድ ጠዋት ሲያነቡ፣ ከድንኳኑ መጠገኛና ከጎደሉት ብርጭቆዎች መሐል ቶሎ ብለው አለፉት። ከኋላ አንዲት እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ቅድም ያሉትን ይድገሙልኝ። ማን ነው የወሰነው?»

«ኮሚቴው ነው እትዬ።»

«ኮሚቴው ማን ነው?»

«...እኛ ነን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ገንዘብ ያዡ ግን ቀሉ። «ሌባ ተባልኩ» ብለው የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወርውረው ወጡ። ስንት ዓመት ያለ ምንም ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ሽማግሌ ተልኮ ተለመኑ።

በሁለተኛው ሳምንት ጉባኤው ራሱ ስለ ጉዳዩ ተነጋገረ፤ ኮሚቴው ከውጭ እንዲቆይ ተደርጎ። ስንት የተወሰነ ይመስላችኋል? 300 ብር። እነሱ ለራሳቸው ከጻፉት በላይ። መስከረም ላይ ከሚመረጠው ኮሚቴ ይጀምር ተባለ። እትዬም እጃቸውን አውጥተው ደገፉ። መስከረም ላይ እነዚያው ሦስቱ በድጋሚ ተመረጡና 300 ብራቸውን እየፈረሙ ይወስዳሉ፤ አንድም ሰው አያማቸውም።

ገንዘብ ያዡ ቁልፉን ተቀብለዋል። እትዬን ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይሏቸውም።