መብራትህን ዝቅ አድርግልኝ

ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሊስበርግ፣ ቨርጂኒያ ተነስቼ ፍሬድሪክ፣ ሜሪላንድ ለመግባት ሩት 15ን ይዤ ወደ ሰሜን እነዳለሁ። ከተማውን ከለቀቅኩ በኋላ መንገዱ ይጠባል። መሄጃ አንድ፣ መምጫ አንድ ነው። ግራና ቀኙ እርሻና ዛፍ ነው፣ አብዛኛው ቦታ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የፖቶማክን ድልድይ እስክሻገር ድረስ የማየው የራሴን መብራትና ከፊት የሚመጣውን ሰው መብራት ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ተመላለስኩበት። ከበረዶውም፣ ድንገት መሃል መንገድ ከሚገባው አጋዘንም በላይ የሚያደክመኝ ያ ከፊት የሚመጣው መብራት ነው።

አገር ቤት ላሉ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው አይዋጥላቸውም። «እዚያ ሰው ሕግ ያከብር የለም እንዴ?» ይሉኛል። ሕጉማ አለ። በቨርጂኒያ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና 500 ጫማ፣ ማለትም 150 ሜትር ገደማ ሲቀርብህ ረጅሙን መብራት ወደ አጭር መመለስ ግዴታህ ነው። ሰው ተከትለህ ስትሄድ ደግሞ 200 ጫማ ላይ። እስቲ እናስላው። ሁለታችንም በሰዓት 55 ማይል የምንነዳ ከሆነ ያ 150 ሜትር በ3 ሰከንድ ያልቃል። ሰውዬው እነዚያን 3 ሰከንዶች ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ካሳለፋቸው፣ እኔ ከ70 ሜትር በላይ በጭፍን ነዳሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ረጅም መብራት የሚያበራ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ አንዴ ብልጭ አደርግለታለሁ፣ ዝቅ አድርግልኝ ለማለት። ያኔ እሱም መልሶ እውነተኛውን ረጅም ቦግ ያደርግብኛል። ለካ ያ ሁሉ ብርሃን አጭሩ ኖሯል! ይህ አንድ ቀን አይደለም የገጠመኝ፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው። አንዳንዱ ከፍ ያለ ፒክአፕ ነው፣ መብራቱ ልክ እኔ ዓይን ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ለድሮው አምፖል በተሠራ የፊት መብራት ውስጥ ኤልኢዲ አስገብቷል፣ ብርሃኑ ወደማይሆን ቦታ ይረጫል። የብዙዎቹ ችግር ግን ከዚህም ይቀላል። መብራቱ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ባለቤቱም አያውቅም። ቨርጂኒያ በየዓመቱ በሚደረገው የመኪና ምርመራ የመብራቱ አቅጣጫም ይታያል። እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ ግን እንዲህ ያለው ምርመራ የሚጠየቀው ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ነው። ካልሸጥከው መብራትህ የት እንደሚያይ የሚነግርህ የለም።

እዚህ ላይ አጎቴ ትዝ ይለኛል። አጎቴ ኤንትሬ ይነዳ ነበር፣ የፊያት ጭነት መኪና። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ ደሴ ድረስ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ አካባቢ፣ ጭጋጉ ይወርድና ኮፈኑ እንኳ አይታይም። አጎቴ መኪናው ራሱ እስኪመጣ አይጠብቅም። ከመታጠፊያው ጀርባ የብርሃን ጭላንጭል ገደሉ ላይ ሲያርፍ ያኔውኑ ዝቅ ያደርጋል። የሚመጣውም ዝቅ ያደርግለታል። ከኋላው የሚከተለው ካለና ፊት ለፊቱ ነፃ ከሆነ ቀኝ ፍሬቻውን ያሳየዋል፣ እለፍ ለማለት። አንድ ጊዜ ረዳቱ «ይሄ ሰውዬ አላጠፋም፣ ቦግ አድርግበት እንጂ ጋሼ!» ሲለው የመለሰለትን አልረሳውም። «አንዴ ነግሬዋለሁ። ካልገባው ቀኜን ይዤ አሳልፈዋለሁ። ሁለታችንም ካልታየን ምን ይጠቅመናል?»

አገር ቤት ያለው ሁሉ እንደ አጎቴ ነው እያልኩ አይደለም። ባለፈው ስሄድ ሌሊት መንዳት አስፈርቶኛል። ጭነት መኪናው ግንባሩ ላይ ፓውዛ ደርድሮ ይመጣል። አንዱ መብራቱ የጠፋበትን መኪና ሞተር ሳይክል ነው ብለህ ትጠጋዋለህ። የተበላሸ መኪና ሲነሳ፣ ለምልክት የተደረደረው ድንጋይ መሃል አስፋልት ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ አዲስ አበባ ኤሌክትሪክ መኪና በዝቶባታል፣ ከእነሱም ጋር ነጩ መብራት መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መሄጃና መምጫው ስለተለየ እፎይ ይባላል። ከሱ ስትወጣ ግን ያው ነው።

ብልጭታ ራሱ ትርጉሙ አገር ይለውጣል። አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ወደ ግራ ልታጠፍ ቆሜ ሳለ ከፊት የመጣው ሰው ሁለቴ ብልጭ አደረገልኝ። እኔ እንዳልገባ ያስጠነቀቀኝ መስሎኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቆሞ ሲጠብቀኝ ቆየና በእጁ «እለፍ» አለኝ። ያንን ለመድኩ። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ የእህቴን መኪና ስነዳ አንድ ሚኒባስ ብልጭ አደረገ። አሳለፈኝ ብዬ ገባሁ። እህቴ «ቁም!» ብላ ጮኸች። ሚኒባሱ እሷ በተቀመጠችበት በኩል ከበሩ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ለሱ ብልጭታው «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ማለት ነበር። እጄ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በየትኛውም አገር ብልጭታን እንደ ፈቃድ አልቆጥርም፣ መኪናው መቆሙን በዓይኔ ሳላይ አልገባም።

ሩት 15 ላይ የማደርገው ይህን ነው። ብርሃኑ ሲመጣ እግሬን ከነዳጁ አነሳለሁ፣ ዓይኔን መንገዱ ቀኝ ዳር ላይ ወዳለው ነጭ መስመር አወርዳለሁ። መብራቱን ትኩር ብሎ ማየት አይገባም፣ ዓይን ግን ይሳባል፣ መልመድ ይጠይቃል። ከኋላ ለሚመጣው የውስጡ መስታወት ሥር ያለችውን ትንሽ መጎተቻ ገፋ ሲያደርጓት ብርሃኑ ይደበዝዛል። ስንት ሰው ዓመታት ነድቶ እሷን ነክቷት አያውቅም! የፊት መስታወቱን ደግሞ በውስጥ በኩል አጸዳዋለሁ። ከውጭ ብቻ የታጠበ መስታወት ቀን ንጹሕ ይመስላል፣ ማታ ግን ውስጡ ላይ የተጋገረው ስስ ቅባት ብርሃኑን እንደ ጉም ይዘረጋዋል። ይህቺ ብቻ ግማሹን ድካም ቀንሳልኛለች።

አውሮፓ ውስጥ ከቆየ በኋላ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2022 የፈቀደችው አዲስ ዓይነት መብራት አለ። ከፊት የሚመጣውን መኪና ለይቶ እሱ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ብቻ ይጋርዳል። መልካም ነው፣ እስኪዳረስ ግን ጊዜ ይፈጃል። ለጊዜው የሚያጋጥመኝ ረጅሙን ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ መኪና ነው። ዳገት ጫፍ ላይ ይዘገያል። አጎቴ ገደሉ ላይ ያረፈውን ጭላንጭል አይቶ ያደርገው የነበረውን፣ መኪናው መብራቱን ፊት ለፊት ካላየ አያደርገውም። ነጂውም ለመኪናው ትቶታል።

ባለፈው ወር እህቴ ደወለችልኝ። ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛች ዓመት ሊሞላት ነው። «ማታ ማታ ሰው ሁሉ ብልጭ ያደርግብኛል፣ ረጅም ግን አብርቼ አላውቅም፣ ምን አድርጌያቸው ነው?» አለችኝ። ሩት 15 ላይ የማገኛቸው ሰዎች ፊት ለፊቴ ታዩኝ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ ስምንት ሜትር ያህል አርቃ አቁማ አጭሩን እንድታበራ ነገርኳት። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ ቁመት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ፎቶ ላከችልኝ። የቀኙ ደህና ነው፣ የግራው ግን የግቢውን ግንብ አልፎ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥቷል። የሚመጣው ሰው ዓይን ያለው በዚያ በኩል ነው።

ጋራዥ ወሰደችው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በካቻቪቴ አስተካከለላት፣ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሳምንት ቆይቼ ስደውል «አሁንስ?» አልኳት።

«ከሰኞ ወዲህ አንድ ሰው ብልጭ አላደረገብኝም» አለች።