ለቀኝ ክርኔ ሕመም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር የክርን ሕመም
ቀኝ ክንድ፣ በውጭ በኩል ባለችው የአጥንት ጉብታ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሥራ ሰዓትዎን እንዲያሳውቁን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን በጽሑፍ አቀርባለሁ። በእጅ እንዳላቀርብ እርስዎ መጨበጥ አይወዱም። ባለፈው ሰኞ ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ባለጉዳይ ፋይላቸው ቶሎ ስለተገኘላቸው ከልብ ተደስተው ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። በአገሩ ወግ መሠረት ጤናዬን ጠየቁ፣ ወዘወዙ፤ ልጆቼን ጠየቁ፣ ወዘወዙ፤ እናትና አባቴን ጠየቁ፣ ወዘወዙ። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» በምልበት ሰዓት እርስዎ በውስጥ ሆነው የሚሉትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ምርቃታቸውን ሲጀምሩ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበርና ቃላቸው የነካኝ መስሏቸው ከመጀመሪያው ደገሙልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የት እንዳሉ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ አድራሻዎን በአንድ ጣት ተጭኜ ማሳየት እችላለሁ። የቸገረኝ መቼ ገብተው መቼ እንደሚወጡ ነው።

እንደሚያውቁት ባሕር ዳር የምኖር፣ ወደ ሥራም ወደ ገበያም በብስክሌት የምመላለስ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ግንበኛው ሁሉ ይነዳል፤ ብስክሌት ላይ የተቀመጠን ሰው «ስፖርተኛ ነህ ወይስ ባጃጅ መክፈል አቅቶህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔም ጠዋት ጠዋት ከቤቴ ተነሥቼ በዘንባባዎቹ ሥር ሳልፍ እርስዎ ድምፅዎን አያሰሙም። በጣና በኩል ነፋሱ ይመጣል፣ ፔዳሉ ይዞራል፣ ክርኔም የሰው ክርን ይመስላል። «በቃ ለቀቀኝ» እላለሁ። ከዚያ ደርሼ፣ ብስክሌቴን አስሬ፣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ በር ላይ ሰክቼ ሳዞር እርስዎ ሥራ ይጀምራሉ። ከእኔ ቀድመው መግባትዎ ደግሞ ያሳፍረኛል።

ከሁሉ የከፋው የቡናው ነገር ነው። ባዶ ጀበና ማንሣት ይፈቅዳሉ። ሙሉ ጀበና ማንሣትም በመጠኑ ይፈቅዳሉ። የሚከለክሉት መቅዳቱን ነው። የጀበናዋን እጀታ ይዤ፣ የእጄን አንጓ ወደ ላይ ቀና አድርጌ፣ አፏን ወደ ሲኒው ሳዘነብል ከክርኔ ተነሥቶ እስከ መሐል ጣቴ የሚወርድ አንድ ትኩስ ክር ይመዘዛል። እጄ ይርዳል። ቡናው መጀመሪያ ሲኒው ውስጥ፣ ቀጥሎ ረከቦቱ ላይ፣ በመጨረሻም ቄጠማው ላይ ይቀዳል። እንግዶቼ በትሕትና ቄጠማውን ያያሉ። እንግዲህ ጠዋት መንገድ ላይ በተፈጸመ ወንጀል ከሰዓት በኋላ ጀበና ላይ ክስ የሚመሠርት እርስዎን ብቻ አየሁ።

ወንጀሉን አልክድም፤ አስረድተውኛል። አንጓን ወደ ላይ የሚያነሡት ጡንቻዎች በጋራ ጅማት የሚታሰሩት እርስዎ በተቀመጡባት ጉብታ ላይ ነው። ሰው አንድ ነገር አጥብቆ በጨበጠ ቁጥር አንጓው እንዳይታጠፍ እነዚሁ ጡንቻዎች ይወጠራሉ። የብስክሌት መሪ ጨብጦ በኮብልስቶን ላይ መንቀጥቀጥ ደግሞ ያንኑ ጅማት ሳያርፍ መጎተት ነው። እርስዎ ግን እዚያው መንገድ ላይ «አይ፣ በዛ» ብለው ቢናገሩ ምን ነበረበት? ዝም ብለው መዝግበው ይዘው፣ እኔ ቡና ላይ ስቀመጥ ፋይሉን ይከፍታሉ።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ የሠሩትን እንኳ አልረሳሁትም። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ለጥፎ አገላብጦ አየና «አጥንትሽ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለም» አለኝ። ምንም የለም! ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ስስብ ያስጮኹኝ እርስዎ፣ ሲፈለጉ ለስብሰባ ወጥተዋል። ይህ ብልሃት ከየት እንደመጣ አላጣሁትም፤ እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ውስጥ በየቢሮው አለ። ያገኘችዎ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። ክርኔን ዘርግቼ፣ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ፣ ጡጫዬን ወደ ላይ እንዳነሣ አዘዘችኝና በእጇ ወደ ታች ተጫነችው። ሳይወዱ በግድ ወጡ። ለመፈለጊያዎ መሣሪያም ኤሌክትሪክም አላስፈለጋትም።

በሰፈር ያለዎት ዝና ግን ሌላ ነው። ጎረቤቴ እማማ «ብርድ ነው፤ መስኮት ከፍተሽ ተኝተሽ ነው» ብለው ፈረዱ። የሥራ ባልደረባዬ ሪህ መሆንዎን ነግራኝ ሥጋ እንዳቆም መከረችኝ፤ በዛሬ የሥጋ ዋጋ ሪህ እኔ ቤት ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ ግን አልነገረችኝም። ወጌሻው ወለምታ ነው ብሎ በቅቤ አሸኝ። ቅቤው ለጋ ነበር፣ ለእሱ ምስክር ነኝ። የሁሉም ምክር መጨረሻ ላይ ግን አንድ ይሆናል፤ «ብስክሌቱን ተዪው፣ ደግሞም ሴት ልጅ…» ብለው ይጀምሩና ዓይኔን አይተው አይጨርሱትም። ወገቡን የታመመ ባለመኪናን መኪናህን ሽጥ የሚለው ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ አላጋጠመኝም። ትራስ ይገዛለታል እንጂ።

የትውልድ ሐረግዎንም አገላብጫለሁ፤ ሙያዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ሩንገ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በጽሕፈት ሥራ በደከሙ ክንዶች ላይ እርስዎን መዝግቧል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ እንግሊዞች ሣር ሜዳ ላይ ቴኒስ ከሚጫወቱ ጌቶች ጋር አዛመዱዎትና «የቴኒስ ክርን» ተብለው በዚያው ታዋቂ ሆኑ። በእርግጥ ቴኒሱ ሽፋን ነው፤ ከያዟቸው ሰዎች አብዛኞቹ ራኬት ጨብጠው አያውቁም። ቀለም ቀቢው፣ አናጢው፣ ልብስ ጨማቂዋ ይታመማሉ፤ እርስዎም በብዛት ከ35 እስከ 55 ዓመት ያለውን ዕድሜ ይመርጣሉ፤ ማለትም ሰው ልጅ የሚያሳድግበትንና ቤት ኪራይ የሚከፍልበትን። እኔ ደግሞ እስክሪብቶም፣ ማኅተምም፣ መሪም እጨብጣለሁና በሦስት በር ገቡብኝ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ ቅሬታ ላቅርብ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ መጨባበጥ ሲቀር ሕዝቡ ሁሉ ክርን ለክርን መነካካት ጀምሮ ነበር። ክርን በታሪኳ ያገኘችው ትልቁ ሹመት ያ ነው። እርስዎ ያኔ የት ነበሩ? ክርን ስትከበር አልመጡም፤ ሰው ወደ መጨባበጥ ሲመለስ መጡ።

ከሁሉ ይልቅ ሊያሰጋዎ የሚገባው ሰው ፎቅ ላይ ያለ ሐኪም ሳይሆን በመንገዳችን ጥግ ዘይት ባጠቆረው ጨርቅ ላይ ቁልፎቹን ደርድሮ የሚቀመጠው ብስክሌት ጠጋኝ ነው። የመጣሁት ለጎማ ነበር። ንግግሬን ሳልጨርስ «ውጪና ተቀመጪበት» አለኝ። ዞሮ አየኝ። ኮርቻው አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍቷል፤ ስለዚህ ሰውነቴ በየደቂቃው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ መልሶ የሚገፋው ደግሞ እጄ ነው። የፍሬኑ መያዣ ወደ ላይ ስለተቀሰረ ጣቶቼን በዘረጋሁ ቁጥር አንጓዬ ይቀለበሳል። መሪው ርቋል፣ ክርኔም እንደ ብረት ቀጥ ብሏል። ጎማው ድንጋይ እስኪሆን ተነፍቷል፤ የኮብልስቶኑን እያንዳንዱን ክፍተት ሳይቀንስ ለክንዴ ያደርሳል። በዚያ ላይ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል በቀኝ በኩል መሪው ላይ ተንጠልጥሏል።

ኮርቻውን አስተካከለ፣ መሪውን ከፍ አድርጎ ወደ እኔ ሳበው፣ የፍሬኑን መያዣ ዝቅ አደረገው፣ ከጎማው ትንሽ ነፋስ አወጣ፤ ፌስታሉን አንሥቶ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አሰረው። «መሪውን አትነቂው፣ እሱ አያመልጥሽም፤ ክርንሽን ትንሽ አጠፍ አድርጊው» ብሎ አሰናበተኝ። የወሰደው የጎማውን ሂሳብ ብቻ ነው። እርስዎ በዚያ ሳምንት ትንሽ ተቀዛቅዘው ነበር፤ ይካዱኝ።

ጠጋኙ ያላስተካከለው ባጃጁን ነው። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለ፤ በእነዚያ 380 ሜትሮች መሪውን በሁለት ጣት እይዛለሁ፣ ውሃውን አያለሁ፣ እርስዎን እረሳለሁ። ከድልድዩ ስወርድ አንድ ባጃጅ ከፊቴ ቀጥ ይላል። ባጃጅ የሚቆመው ተሳፋሪ ሲያይ ነው፤ መስተዋት ለጌጥ ነው። ፍሬን በሙሉ ጉልበቴ እይዛለሁ፣ እርስዎም ይነቃሉ። ስለዚህ ከሚደርስብኝ ጉዳት ግማሹን ከባጃጆች ጋር ተካፍላችሁ ብትከፍሉ ደስ ይለኛል። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣቱንማ ከተውኩት ቆየሁ፤ ስወጣ መሪውን እስባለሁ፣ ስወርድ ፍሬኑን እጨብጣለሁ፣ እርስዎ በሁለቱም በኩል ቀረጥ ይቀበላሉ።

አሁን ስለ ጉቦው እናውራ። «አንድ መርፌ ተወጊና ገላገለሽ» ያሉኝ አሉ። ስቴሮይድ የሚባለውን እብጠትና ሕመም አብራጅ መድኃኒት ማለታቸው ነው። አጠናሁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእርግጥ ፀጥ ይላሉ፤ ጉቦ የበላ ኃላፊ ፊቱ እንደሚፈታ ሁሉ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ዓመት ሞልቶ ሲታይ ግን መርፌውን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ አልከፍልም። የምሠራበትን ቦታ ያውቃሉ፤ አንዴ የበላ ባለሥልጣን ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ዋጋው እንደሚጨምር የሚያስተምረኝ አያስፈልገኝም።

የመረጥኩት አሰልቺውን መንገድ ነው። ማታ ማታ ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ፣ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ፣ እጄን ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ውጭ አወጣለሁ። በእጄ የግማሽ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ይዣለሁ። በግራ እጄ እየረዳሁ አነሣዋለሁ፤ ከዚያ ግራዋ ትለቃለች፣ ቀኟ ብቻዋን ቀስ… ቀስ… እያለች ታወርደዋለች። ልጄ መጀመሪያ ቀን ሲያየኝ «እማዬ፣ ውሃውን ምን አድርጎሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጅማት ደም እንደ ልብ የማይደርሰው ቦታ ነው፣ እንደ ጡንቻ ቶሎ አይጠገንም፤ ጨርሶ ሲያርፍም ይደክማል እንጂ አይበረታም። በልክ እየጫኑ፣ ወራት እየጠበቁ ማባበል ነው። ባለሙያዋ ጥቂት ማመም ችግር እንደሌለው፣ በማግሥቱ ከፍቶ ካደረ ግን ክብደቱን እንድቀንስ ነግራኛለች። እርስዎ ደግሞ ይህን ሰምተው ከዚያች «ጥቂት» ስንዝር አይርቁም፤ ደንቡን ከእኔ በላይ ያነበቡ ይመስላሉ።

ስለ ሥራ ዘመንዎም ላንሣ። ብዙዎቹ ቢጤዎችዎ በዓመት፣ ቢበዛ በዓመት ከመንፈቅ ራሳቸው ይለቃሉ ተብሏል። እርስዎ ግን ሁለተኛ ክረምትዎን ይዘዋል። በምርጫ ወይስ በውክልና ነው የሚቀጥሉት? የሹመት ደብዳቤዎን በመዝገብ ቤታችን ፈልጌ አጣሁት፤ ፈላጊዋ ማን እንደሆነች ያስታውሱ።

በነገራችን ላይ ባለፈው ወር የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ሲደነዝዙ እርስዎን ወቅሼ ነበር። ሐኪሙ ግን በክርን የውስጥ በኩል የሚያልፍ የነርቭ ጉዳይ እንጂ የእርስዎ አይደለም፣ ድንዛዜው እየበረታ ከሄደ ቶሎ ነይ ብሎኛል። እባክዎ ከጎረቤት መሥሪያ ቤት ጋር ተቀናጅተው አይሥሩብኝ። በአገራችን የመሥሪያ ቤቶች ቅንጅት ተሳክቶ የሚታየው በእኔ ክንድ ላይ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ ብዬ አልጠይቅም፤ እንዲህ ብለው የጠየቁ ምን እንዳገኙ አይቻለሁ። የምጠይቀው የሥራ ሰዓትዎ በር ላይ እንዲለጠፍ ነው። ሐሳብ ለመስጠት ያህል፣ ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ማንም የማይሰማው ስብሰባችን አለ። ያን ጊዜ ቢመጡ፣ «በዚህ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» ሲባል እጄን ላለማውጣት በቂ ምክንያት ይሆኑኛል። ግምገማ ሲኖርም በደስታ አስተናግድዎታለሁ። የቡና ሰዓት፣ የሰላምታ ሰዓትና እሑድ ጠዋት በጣና ዳር የምነዳበት ሰዓት ግን ዝግ ይሁኑልኝ።

ብስክሌቱን በተመለከተ ድርድር የለም። ይሄው ዛሬም በር ላይ ቆሞልኛል፤ ኮርቻው ቀጥ ብሏል፣ ሽንኩርቱም ከኋላ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣
የክንዱ ባለቤት

ይህ ደብዳቤ ማኅተም ያላረፈበት ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ግልባጭ፦
ለግራ እጅ፤ ለተጨማሪው ሥራ ከምስጋና ጋር
ለብስክሌት ጠጋኙ፤ እንዲያውቀው
ለጎረቤቴ ለእማማ፤ ብርድ አለመሆኑን እንዲያውቁት