ፖይንተር ላይ አንድ መደመር አንድ ባይት መራመድ አይደለም

እዚህ ጅማ ፕሮግራሚንግ የጀመሩ ወጣቶችን ከትምህርት ሰዓት ውጪ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ስሕተት አለ። በሲ ቋንቋ የተጻፈ የኢንት አሬይ (በማህደረ ትውስታ ውስጥ ተከታትለው የተቀመጡ ሙሉ ቁጥሮች ረድፍ) የመጀመሪያ አባል አድራሻ 1000 ነው ብዬ፣ ይህን አድራሻ የያዘው ፖይንተር ላይ 1 ስንደምር የት እንደሚደርስ ስጠይቅ ብዙዎቹ ሳያመነቱ «1001» ይላሉ። ኢንት 4 ባይት (እያንዳንዱ ባይት የራሱ አድራሻ ያለው የማህደረ ትውስታ ክፍል ነው) በሚይዝበት ማሽን ላይ፣ የዛሬዎቹም አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፣ መልሱ 1004 ነው። ጥፋቱን ግን በተማሪዎቹ ላይ አላደርገውም። «ፖይንተር አድራሻ የሚይዝ ቁጥር ነው» ብለን እዚያው ካቆምን፣ 1001 ማለታቸው ከሰጠናቸው ትርጓሜ በትክክል የተወሰደ ድምዳሜ ነው፤ ያልነገርናቸው ፖይንተሩ ዓይነት እንዳለውና እርምጃውን የሚወስነውም ይኸው ዓይነት መሆኑን ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ ከኮድ በፊት በወረቀት ላይ በሥዕል ይጀመር እላለሁ። እኔ የምሥለው በሁለት ሜትር ርቀት በመስመር የተተከለ የቡና ችግኝ ነው፤ ለጅማ ልጅ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። «አንድ ችግኝ እለፍ» የተባለ ሰው የሚራመደው አንድ ሜትር ሳይሆን ሁለት ሜትር ነው። በሲም የቻር (የፊደል) ፖይንተር በ1 ባይት፣ የደብል (የአስርዮሽ ቁጥር) ፖይንተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ8 ባይት ይራመዳል። ማባዛቱን ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ስለሚሠራው፣ ለኢንት ፖይንተር ራሱ በ4 አባዝቶ የሚደምር ተማሪ ሳያውቀው 16 ባይት ርቆ ይሄዳል። ሲቀነስም እንዲሁ ነው፤ በአንድ አሬይ ውስጥ 1012 ላይ ካለው የኢንት ፖይንተር 1000 ላይ ያለው ሲቀነስ ውጤቱ 12 ሳይሆን 3 ነው፤ የሚቆጠረው ሜትሩ ሳይሆን ችግኙ ነውና። በሁለት የተለያዩ ማሳዎች ባሉ ችግኞች መካከል ግን እንዲህ ያለ ቆጠራ ትርጉም የለውም፤ ሲም ለተለያዩ አሬዮች ፖይንተሮች ልዩነት ዋስትና አይሰጥም።

ጀማሪ የአሬይ አባል በቁጥሩ የሚጠራበትን ቅንፍ [ ] ብቻ ተጠቅሞ ፖይንተርን ለኋላ ይተወው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በቅንፍ 3 ብለን ስንጽፍ ሲ የሚረዳው «ከመነሻው ሦስት አባል እለፍና ያለውን አንብብ» ብሎ ነው። ቆጠራው ከ0 የሚጀምረውም የመጀመሪያው አባል ከመነሻው ያለው ርቀት 0 ስለሆነ ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ 0ን እንደ ባዕድ ልማድ በቃሉ ይሸመድደዋል።

በተለይ በመስመሩ መጨረሻ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። አምስት አባል ባለው አሬይ ውስጥ ፖይንተሩ ከአምስተኛው ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ መቆም ይፈቀድለታል፤ ዙሩ (አባላቱን በየተራ የሚያዳርሰው የኮድ ድግግሞሽ) ማለቁን የምናውቅበት ምልክት ነው። እዚያ ያለውን ማንበብ ግን አይፈቀድም፤ ከመስመሩ ጫፍ የሚለቀም ቡና የለም። ሲ ደግሞ ስሕተቱን የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ይቋረጣል፣ አንዳንዴ የሌላ ተለዋዋጭ ዋጋ ያመጣል፣ አንዳንዴም ትክክል መስሎ ያልፋል። ተማሪዎቼን ዙሩን በወረቀት ላይ እየሣሉ እስከ ስድስተኛው እርምጃ እንዲከተሉት የማደርገው ለዚህ ነው።