ዕድሜና ጤና ለነባሩ ተመልካች

እንደ ነባር የአኒሜ (የጃፓን የሥዕል ፊልም) ተመልካች የታደለ ሰው የለም። እኛ ተራዎቹ አዲስ ሲዝን ሲመጣ ቁጭ ብለን እናያለን። ካየን በኋላ ወደድን ወይም ጠላን እንላለን። ኋላ ቀርነታችን! ነባሩ ግን ሳያይ ያውቃል። የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ይበቃዋል። አንዳንዴ እሱም ይበዛበትና ፖስተሩን ብቻ አየት አድርጎ «በቃ፣ አበላሹት» ይላል። ከዚያ ሻዩን ይጠጣል።

ጓደኛዬ ነባር ነው። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል። ዋን ፒስን፣ ያንን ማለቂያ የሌለው የባሕር ወንበዴዎች አኒሜ፣ የጀመረው ፍላሽ ይዘን ሰፈር ያለ ፊልም ቤት እየሄድን «ሃያ ክፍል ጫንልን» በምንልበት ዘመን ነው። ሰው ሲተዋወቅ ስሙንና ሥራውን ይናገራል። እሱ «እኔ ጎይንግ ሜሪ ስትቃጠል ያለቀስኩ ሰው ነኝ» ነው የሚለው። ጎይንግ ሜሪ ዋን ፒስ ውስጥ ያለች መርከብ ናት። አነጋገሩን ለሰማ ዓድዋ የዘመተ ይመስላል።

የነባሩ ትልቁ ጸጋ ግን ጽናቱ ነው። ዋን ፒስ በቴሌቪዥን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1999 ነው። ማንጋው (አኒሜው የተቀዳበት የሥዕል መጽሐፍ) ደግሞ ከ1997 ጀምሮ እየታተመ ነው። ይኸው አንድ ሺህ ክፍል ካለፈ ቆየ። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ሳምንት ቅሬታውን አላቋረጠም። ደራሲው እንኳን ሲደክመው እረፍት ይወጣል። እሱ እረፍት የለውም።

ለረጅም ዓመታት ቅሬታው «ተጎተተ» የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር ተጎትቷል። በየሳምንቱ የሚወጣ አኒሜ ማንጋውን እንዳይደርስበት ወይ መሀል ላይ ፊለር (መሙያ ታሪክ) ይጠቀጥቃል፣ ወይ አንዷን ምዕራፍ እንደ ማስቲካ ይስባታል። ሌላው አኒሜ ናሩቶ የመጀመሪያውን መረጠና ከ220 ክፍሉ መጨረሻ ላይ ያሉት ሰማንያ ያህሉ ማንጋው ውስጥ የሌለ ነገር ሆኑ። ዋን ፒስ ሁለተኛውን መረጠ። የድሬስሮዛ ታሪክ ብቻ 118 ክፍል ፈጅቷል፤ ከ2014 እስከ 2016። አንድ ሰው ቡጢውን ያነሳል፣ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ በየተራ ይደነግጣል፣ ክፍሉ ያልቃል። ቡጢው የሚያርፈው በሳምንቱ ነው። ጓደኛዬ ያኔ «ቶዬ አኒሜሽን ሌባ ነው! በዓመት ትንሽ ክፍል ቢሠሩ፣ ግን ጥሩ አድርገው ቢሠሩ ምን ነበረበት?» ይል ነበር። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደግሞ ልክ ነበር።

ዋን ፒስን የሚሠራው ስቱዲዮ፣ ቶዬ፣ በጥቅምት 2025 ሰማው። ከ2026 ጀምሮ በዓመት ቢበዛ 26 ክፍል ነው፣ ኤልባፍ የተባለው ቀጣዩ ታሪክ የሚጀምረውም ከሦስት ወር እረፍት በኋላ በሚያዝያ ነው አለ። ዜናው የወጣ ዕለት ጓደኛዬ ደወለልኝ። ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር።

«ሃያ ስድስት! ሃያ ስድስት ምን ያደርግልኛል? ሊገድሉት ነው!»

ይህ ነው እንግዲህ የነባር ብስለት። ጀማሪ የጠየቀውን ሲያገኝ አመስግኖ ዝም ይላል። ነባር ግን በማግኘት አይታለልም። በዚያው ስልክ ላይ የኤልባፍን ሲዝን ገመገመልኝ። ያኔ ገና አንድ ክፍል አልወጣም ነበር። «ቀሽም ነው» አለኝ። ምኑ? «አያያዙ።»

ስለ ሥዕሉም ያው ነው። ድሮ «ሥዕሉ ድሃ ነው» ይል ነበር። በ2019 የዋኖ ታሪክ ሲጀምር ሥዕሉ ተለወጠ፣ ቀለሙ ደመቀ፣ ሰይፉ ሁሉ ነበልባል አወጣ። «መብራት በዛበት፣ ዓይኔን አመመኝ» አለ። የእሑድ ጠዋቱ ፕሮግራም ደግሞ በሚያዝያ 2025 ወደ ሌሊት ተዛወረ። ጃፓን እኩለ ሌሊት ሊቃረብ ሲል፣ እኛ ጋ እሑድ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ማለት ነው። ጓደኛዬ አንድ ሳምንት ሙሉ ተቆጣ። «የጃፓን ልጅ ጠዋት ተነስቶ ምን ሊያይ ነው?» ጃፓንን በካርታ እንጂ አያውቃትም። ክፍሉንም ሰኞ ማታ ከቴሌግራም አውርዶ ነው የሚያየው። ግን ለሰው ልጅ ማሰብ ይሉታል ይሄን።

ከሁሉም ከሁሉም ነሐሴ 2023ን አልረሳም። 1071ኛው ክፍል፣ ጊር ፋይቭ የተባለው የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የሉፊ፣ አዲስ ኃይል። ሉፊ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ፣ እየሳቀ፣ ወለሉን እንደ ላስቲክ ሲለጥጠው። ደራሲው ራሱ ማንጋው ላይ እንዲያ ነው የሣለው፣ ሆን ብሎ፣ እንደ ድሮ የልጆች ፊልም። ጓደኛዬ ተነሳና «ካርቱን አደረጉት!» ብሎ ጮኸ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ እናቱን «እማዬ፣ ካርቱን አይደለም፣ አኒሜ ነው» ሲል የኖረ ነው።

አንዳንድ ነባሮች ደግሞ ከእሱም ይብሳሉ፣ ወይም ይበልጣሉ ልበል። የዋን ፓንች ማን ሦስተኛ ሲዝን በ2025 ሲወጣ ሥዕሉ ብዙ ቦታ የማይንቀሳቀስ ፎቶ ሆኖ መጣ። ቅሬታው ተገቢ ነበር። ነባሮቹ ግን ቅሬታ ብቻ አይበቃቸውም። ዳይሬክተሩን ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ገጹ ድረስ ሄደው ሰድበው ሰድበው ሰውየው ገጹን ዘግቶ ወጣ። በጀቱንና የሥራ ጊዜውን የሚወስኑት ሰዎች ግን በሰላም እያደሩ ነው። ሥዕሉም አልተነቃነቀም። ቢሆንም ትልቅ ድል ነው፣ በጣም ትልቅ።

የጓደኛዬን ችሎታ በቅርብ ያየሁት ባለፈው ነው። ቤቱ ሄድኩ፣ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ነው። የጎረቤት ልጅም መጥቷል፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ክፍሉ ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። ጓደኛዬ በግራ እጁ ማንጋውን የከፈተበትን ስልክ ይዟል፣ የቀኝ ጣቱ ስፔስ ባሩ ላይ ናት። ሦስት ሰከንድ ያያል፣ ጠቅ! ያቆመዋል።

«አየህ? ማንጋው ላይ ካባው ወደ ግራ ነው የሚውለበለበው።»

ልጁ ካባውን አየ። እኔም አየሁ። ካባ ነው።

እንደገና ለቀቀው። ልጁ ከት ብሎ ሊስቅ ሲል፣ ጠቅ! «እዚህ ጋ ሙዚቃው መግባት አልነበረበትም።» ደግሞ ለቀቀው። ልጁ ሊደነግጥ ሲል፣ ጠቅ! ቀጥሎ የሚሆነውን፣ ከዚያም በኋላ የሚሆነውን፣ የዛሬ ዓመት የሚሆነውን ሁሉ ነገረው። ርኅራኄው ነው። ልጁ ሳይዘጋጅ ደንግጦ አንድ ነገር ቢሆንስ?

«ጋሼ፣ በናትህ ዝም ብለህ ልቀቀው» አለ ልጁ።

«ጋሼ» የሚለው ቃል ከካባው በላይ ጎዳው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ትንሽ ዝም አለና «እናንተ በዋኖ የመጣችሁ ምን ታውቃላችሁ» አለ። ልጁ ዋኖ ሲጀምር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። በምን ሊመጣ ኖሯል?

ሃያ ሦስት ደቂቃው አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላው ሲል የጓደኛዬ እናት ቡና ይዘው ገቡ። ስኒውን አስቀምጠው ላፕቶፑን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ ባርኔጣ ያለው ልጅ ያንን የሚፈልገውን ነገር እስካሁን አላገኘውም እንዴ?»

«ገና ነው እማዬ።»

«ውይ፣ ልፋቱ!» አሉና እኔን «እስቲ ፈቀቅ በልልኝ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጁ ራሱ ተነስቶ ለቀቀው። ሉፊ አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ፣ እናቱም ሳቁ፣ ጃፓንኛ አንድ ቃል ሳያውቁ። ጓደኛዬ ጣቱን ወደ ስፔስ ባሩ ሰደድ ሲያደርግ እጁን መታ አደረጉት።