በሬው እርፍ ሲይዝ

ለአሥራ አምስት ዓመት ቀጥ ያለ ትልም ያወጣ በሬ ሲያረጅ ቀንበሩን አውልቀው እርፍ ቢያስይዙት አገር ይስቃል። የእግር ኳስ ክለብ ሲያደርገው ግን ስታዲየሙ በጭብጨባ ይናወጣል።

አሠራሩ ይህን ያህል አይከብድም። ቡድኑ ይሸነፋል፣ አሠልጣኙ ይባረራል፣ ካዝናው ሲከፈት ለአዲስ አሠልጣኝ የሚበቃ ነገር የለም። ግድግዳው ላይ ግን የቀድሞው ኮከብ ፎቶ ተሰቅሏል። ይደወልለታል፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጠማል፤ «ልጃችን ቤቱ ገባ» ይባላል። ሻርፑ ቦርዱን ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት ከስድብ ያድናል። የራሱን ጣዖት የሚሰድብ ደጋፊ የት ይገኛል?

ጁቬንቱስን እንይ። ክለቡ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 በሊዮን ከሻምፒዮንስ ሊግ ሲሰናበት አሠልጣኙን ሳሪን አባረረና የቀድሞ ኮከቡን አንድሬያ ፒርሎን ሾመ። ፒርሎ ከ23 ዓመት በታች ቡድኑን እንዲያሠለጥን ከተቀጠረ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ዲቁናውን ተቀብሎ አንድ ቅዳሴ ሳይገባ ጵጵስና ተሰጠው ማለት ነው። የመጨረሻውን የአሠልጣኝነት ፈቃድ እንኳ ያገኘው ከሹመቱ በኋላ በወሩ ነው። መልበሻ ክፍል ሲገባ ደግሞ ግብ ጠባቂው ቡፎን ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ አብረው በ2006 የዓለም ዋንጫ ያነሡ፣ በዕድሜ ከአሠልጣኙ የሚበልጥ ተጫዋች! «አንተ፣ ዛሬ ተቀያሪ ነህ» ማለት እንዴት ይቻላል? «አንቱ» ሊባል ነው እንዴ?

ችግሩ ግን ከይሉኝታም ይብሳል። አምስት ለሁለት የኳስ ቅብብል ልምምድ ውሰዱ፤ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር፣ አምስቱ ያቀባብላሉ፣ ሁለቱ መሐል ገብተው ያሳድዳሉ። አሠልጣኙ ሜዳውን መቼ እንደሚያጠብብ፣ ንክኪውን መቼ ከሁለት ወደ አንድ እንደሚያወርድ ማወቅ አለበት። ኮከቡ ግን «ኳሷ ሳትደርስህ ዙሪያህን እይ» ይላል። «ምኑን ልይ?» «ሁሉንም!» እሱ ሲጫወት ያየው ነበር፤ እንዴት እንዳየው ግን ተጠይቆ አያውቅም። ሳምንቱን መምራትም ሌላ ሙያ ነው። ከጨዋታው አራትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ከባድ ልምምድ፣ በዋዜማው ቀላል። ይህ ከተገለበጠ ቅዳሜ ስድሳኛው ደቂቃ ላይ የሁሉም እግር ይታሰራል። ተጫዋች ሳለ የሚቆጥረው የራሱን እግር ነበር፤ አሁን የሃያ አምስት ሰው እግር ይቆጥራል።

መጋቢት 2021 በሻምፒዮንስ ሊግ የፖርቱጋሉ ፖርቶ የጁቬንቱስ ከተማ ቱሪን ላይ በ54ኛው ደቂቃ አንድ ሰው በቀይ ካርድ አጥቶም አልወደቀም። በ115ኛው ደቂቃ ሰርጂዮ ኦሊቬራ የመታው ቅጣት ምት በተደረደሩት ተጫዋቾች ግድግዳ ሥር ሾልኮ ገባ፤ ሮናልዶ ፊቱን አዙሮ ነበር፤ ከግድግዳው ኋላ መሬት ላይ የተኛ ሰውም የለም። ጁቬንቱስ 3 ለ 2 አሸንፎ በሜዳ ውጪ ግብ ተሰናበተ፤ የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ያልፍ ነበርና። በዘመኑ በቅጣት ምት ያስጨነቀን ፒርሎ፣ በቅጣት ምት ተሸኘ። በዚያው ወር ቤኔቬንቶ ቱሪን መጣ፤ አርቱር በራሱ ሳጥን ፊት ለፊት ኳሷን አግድም ሲያቀብል ጋይች ቀምቶ አገባት። 1 ለ 0። ቤኔቬንቶ በዚያው ዓመት ወረደ፤ አሠልጣኙ ማን ነበር? ሌላው የ2006 የዓለም ሻምፒዮን፣ ፊሊፖ ኢንዛጊ።

ለሐቁ፣ ፒርሎ ሁለት ዋንጫ አንሥቷል፤ በ78 ነጥብ አራተኛም ወጥቷል። ግን ለቱሪን አራተኛ መሆን ሐዘን ነው። ግንቦት ሲያልቅ ተሰናበተ፤ የተተካውም ክለቡ ከሁለት ዓመት በፊት በሸኘው አሌግሪ ነው።

እዚህ ላይ ቦርዱ «ታዲያ ጓርዲዮላስ?» ብሎ ይነሣል። ጓርዲዮላ ባርሴሎናን ከመያዙ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ከክለቡ ሁለተኛ ቡድን ጋር በስፔን አራተኛ እርከን በሰው ሠራሽ ሣር ሜዳዎች ጭምር ሲለፋ ነበር። ዚዳንም ሪያል ማድሪድን ከመያዙ በፊት እዚያው የአንቼሎቲ ረዳት፣ ከዚያ የክለቡ ሁለተኛ ቡድን የካስቲያ አሠልጣኝ ነበር። ይህን ማስታወስ ግን የሻርፑን ፎቶ ያደበዝዛል።

የቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ ተከላካይ ጋሪ ኔቪል ደግሞ ከቴሌቪዥን ስቱዲዮ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2015 የስፔኑን ቫሌንሲያ ያዘ፤ ስፓኒሽ አይናገርም። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ የሊግ ጨዋታዎች አላሸነፈም፤ በባርሴሎናም 7 ለ 0 ተሸነፈ። አራት ወር ሳይሞላ ተመለሰና እስክሪኑ ፊት ቆሞ፣ የሌሎች አሠልጣኞች ተከላካዮች የት መቆም እንደነበረባቸው በቀስት ምልክት እያሳየ ማብራራቱን ቀጠለ።