ስፒናውን ከመቁረጣችሁ በፊት

ጅማ የእንጨት ሙያ ከተማ ናት። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ዛሬ ግን የከተማው አናጢ እንጀራ የሚበላው በአብዛኛው ከአልጋ፣ ከቁም ሳጥንና ከበር ነው። ለዚህ ሥራ መጋዝና መሮ ብቻ አይበቃም፤ ማሽን ያስፈልጋል። ስለዚህ ከውጭ ጠቅልሎ የሚመጣ ባለሙያ የሥራ መሣሪያውን ይዞ ይገባል። ወንድምም ለወንድሙ ይልካል። ደስ ይላል። የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የማሽኑ ስፒና ይቆረጣል፣ የእኛ አገር ስፒና ይታሰርለታል፣ ይሰካል፤ ወዲያው ይጨሳል።

ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነብ ማንም ሰው ስፒና መቁረጥ የለበትም። ቮልቱም ኸርዙም (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳየው ቁጥር) እዚያ ላይ ተጽፏል። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ስፒና ሲቀየር ከሁለቱ አንዱም አይቀየርም።

ድሪል፣ ግራይንደርና የእጅ ሰርኩላር መጋዝ አብዛኛውን ጊዜ በካርቦን የሚሠሩ ሞተሮች አሏቸው፤ ካርቦን የምንለው ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን፣ እያለቀ የሚቀየረውን ትንሽ ቁራጭ ነው። እነዚህ ስለ ኸርዝ ብዙም አይጨነቁም። የሚያጠፋቸው ቮልቱ ነው። የ120 ቮልት ግራይንደር 220 ላይ ሲሰካ ከመቃጠሉ በፊት ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል። ዲስኩ ደግሞ የሚችለው ፍጥነት ልክ አለው። ያን ካለፈ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪው ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጉዳዩ የገንዘብ ኪሳራ ብቻ አይደለም።

ለእነዚህ መፍትሔው ቮልቱን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ ግን አቅሙ ይታይ። 15 አምፒር የሚል የአሜሪካ መጋዝ በ120 ቮልት 1,800 ዋት ይወስዳል። ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። ስለዚህ 3,000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ብትገዙ ይሻላል። ለመንገደኛ ተብላ የምትሸጠው ትንሿ መቀየሪያ ለዚህ ሥራ አልተሠራችም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በትልልቆቹ ማሽኖች ላይ ነው። ካርቦን የሌለው የጠረጴዛ መጋዝ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ትራንስፎርመር ቮልት እንጂ ኸርዝ አይቀይርም። አሜሪካ በደቂቃ 3,450 ጊዜ የሚዞር ሞተር እዚህ ወደ 2,875 ይወርዳል፤ አንድ ስድስተኛው ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ላይ ይሞቃል። ቀኑን ሙሉ ዋንዛ ሲሰነጥቅ የሚውል ሞተር እንዲህ ከሞቀ ብዙም ሳይቆይ ተቃጥሎ ሽቦው እንደገና እንዲጠመጠም ጠምጣሚ ቤት ይገባል። ለእንዲህ ያለው ማሽን የእኔ ምክር ቀላል ነው፦ ወይ ሞተሩን አውጥታችሁ የ50 ኸርዝ ሞተር ግጠሙለት፣ ወይ እዚያው ሽጡትና ብሩን ይዛችሁ ኑ።

የሳዑዲው ይበልጥ ያሳስታል። ከጅማና ከአካባቢዋ ብዙ ልጆች እዚያ ሠርተው ይመለሳሉ። ማሽኑ ላይ 220 የሚል ሲያዩ «የኛው ነው» ብለው ይሰኩታል። የሳዑዲ መስመር ግን 60 ኸርዝ ነው። በካርቦን የሚሠራው ይሠራል፤ ትልቁ ሞተር ግን ያው የፍጥነትና የሙቀት ችግር አለበት። የዱባዩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ይስማማናል። ባለ ሦስት ጥርሱ የዱባይ ስፒና ውስጥ ግን ፊውዝ አለ። ስፒናውን ቆርጣችሁ ስትጥሉ ፊውዙም አብሮ ይሄዳልና በልኩ ብሬከር ይግባለት።

በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ግን አምጡ። መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ባትሪው የትም አገር ያው ነው፤ የሚታየው ቻርጀሩ ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የ220 ቻርጀር አብሮ ይገዛ።

«የአሜሪካ ዕቃ ጠንካራ ነው፤ ከገበያው ርካሽ ዕቃ ይሻላል» የሚሉ አሉ። ጥንካሬው እውነት ነው። ግን መለዋወጫውስ? የአሜሪካ ግራይንደር ጥርስ በኢንች ነው፤ እዚህ የተለመደው ኤም 14 የሚባለው የሚሊ ሜትር ጥርስ አይገባበትም። የመጋዝ ምላጩም ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአውሮፓው 30 ነው። ቀዳዳውን በግምት እያሰፉ መግጠም ደግሞ ጣት የሚያስቆርጥ ድፍረት ነው።

ከውጭ የምትመጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ካለ መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና ጥሩ የአቧራ ጭምብል ጨምሩ። እዚያ ስትሠሩ የምላጩን ሽፋን አታወልቁም ነበር፤ እዚህም አታውልቁት፤ ለልጆቹም አሳዩአቸው። የመሬት መስመር የሌለው ወርክሾፕ ውስጥ ከሆነ ማሽኑን የምትተክሉት፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ የመሬት መስመሩን አስቀብሩ።