የውሻው ደም አይነግረንም

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቤቴ ድረስ መጣች። የጎረቤት ውሻ ባቱን ነክሶታል። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ተነስንሶበታል። የውሻው ባለቤት ከኋላዋ ወረቀት ይዞ ቆሟል። «ዶክተር፣ ደሙ ተመርምሯል እኮ፤ ምንም የለበትም» አለኝ።

ወረቀቱን አየሁት። ውሻውን ወደ አውሮፓ ለመላክ የተሠራ የእብድ ውሻ በሽታ አንቲቦዲ ምርመራ ነው።

አንቲቦዲ ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው ነገር ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚሄድ ውሻ ከተከተበ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይወሰዳል። መጠኑ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ከደረሰ ክትባቱ ይዞታል ማለት ነው። በቃ፣ የሚለካው ይኼን ብቻ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከተነከሰው ቦታ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይሄዳል። በደም አይዞርም። ሰውነት ነቅቶ አንቲቦዲ የሚያመርተው ብዙውን ጊዜ በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ ያለበት ውሻ ደሙ ቢመረመር ምንም ላይገኝ ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው ውሻው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው። በሕይወት ካለ ደግሞ 10 ቀን አስሮ መጠበቅ ነው። ቫይረሱ ምራቅ ውስጥ የሚገባው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለሆነ፣ በንክሻው ያስተላለፈ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል።

የልጁን እግር በሳሙናና በቧንቧ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብነው። ሰዓት ይዤ ነበር። ለሚያለቅስ ልጅ 15 ደቂቃ እንዴት ይረዝማል! ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ክትባት አስጀመሩት። ለክትባት የውሻው ነገር እስኪታወቅ አይጠበቅም። ውሻውም ታሰረ። ባለቤቱ በየጠዋቱ እየደወለ «በልቷል፣ ጠጥቷል» ይለኝ ነበር። 10 ቀኑን በጤና ጨረሰ።

ሰውየውን አልወቅሰውም። ወረቀቱ ላይ ቁጥር አለ፣ ማኅተም አለ። ምን እንደተለካ የሚናገር አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግን የለም። ጥፋቱ የእኛ የእንስሳት ሐኪሞች ነው። ደም ወስደን እንልካለን፣ ውጤት ሲመጣ እናስረክባለን፣ አናስረዳም። ሥሩ ላይ «ይህ ምርመራ ክትባቱ መያዙን እንጂ ውሻው ከበሽታው ነጻ መሆኑን አያሳይም» ብለን ብንጽፍ ምን ይከብደናል? እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ እየጻፍኩ ነው የምሰጠው።